ስሟን ያልጻፍኋት ልጅ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ወደ እናንተ ሊሄድ ሲነሣ ወደ ራሴ እየተመለሰ ስላስቸገረኝ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በምኖርበት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ለልጆች የበዓል ዝግጅት እንዲደረግ ወሰነና ለእያንዳንዱ ልጅ 800 ብር መዋጮ ተቆረጠ። በገንዘቡ የፕላስቲክ ጽድ ተገዝቶ መብራት ተጠመጠመበት፤ ገበሬው በጠራራ ፀሐይ እህሉን አውድማ ላይ በሚወቃበት በታኅሣሥ፣ በረዶ የወረደበት ይመስል ዘንድ ጥጥ ተነሰነሰበት። ኬክም ታዘዘ። ጾመ ነቢያት ገና ስላልተፈታ የጾም ኬክ ይሁን ብለው አንዲት እናት ሲያሳስቡ ሁላችንም በመንፈሳዊነታችን ረካን። ቀይ ልብስ ለብሶ የጥጥ ጢም የሚያደርግ አንድ ወጣትም በቀን ሒሳብ ተቀጠረ። የከፈሉትን ሰዎች ልጆች ስም የመመዝገቡ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። 31 ስም ጻፍሁ፤ ስጽፍ ምንም አልከበደኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰለፉ። በመጀመሪያ ስም በማይክሮፎን እየተጠራ ነበር ስጦታው የሚሰጠው፤ ነገሩ ሲጓተትና ልጆቹ ሲንጫጩ ግን የገና አባት የተባለው ወጣት ሰልፉን ተከትሎ ማደል ጀመረ። በሰልፉ መካከል የግቢያችን ጥበቃ ልጅ ቆማ ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከአባቷ ጋር በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ትኖራለች፤ ከልጆቻችን ጋር ትጫወታለች፤ አባቷ ሥራ ሲበዛበት ለመኪኖቻችን በር የምትከፍተውም እሷ ናት። ወጣቱ እንደሌሎቹ ሁሉ አንድ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ በፊት ከተቀበሉት ልጆች፣ የእኔን ልጅ ጨምሮ፣ አንድም ያመሰገነ አልነበረም።

ይህን ጊዜ ከኮሚቴው አንዷ ሴት ወደ ልጅቷ ቀረቡ። አልተቆጡም፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ፀጉሯን እየዳበሱ፣ «ሚሚዬ፣ ይሄ የሌላ ልጅ ነው፤ ያንቺ አልመጣም» አሉና ካርቶኑን ከእቅፏ አውጥተው በምትኩ ሁለት ከረሜላ አስጨበጧት። ልጅቷም የምር ጠየቀች፦ «የእኔ መቼ ነው የሚመጣው?» ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ስሟን የምፈልግ መስዬ በእጄ ባለው ወረቀት ላይ አቀረቀርሁ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እንደሌለች አውቃለሁ፤ ስሟንም አውቃለሁ።

ከእኛ ሁሉ አፍ አውጥተው የተናገሩት ሐጂ የምንላቸው አዛውንት ብቻ ናቸው። ሐጂ ሙስሊም ናቸው፤ ልጆቻቸውም አድገው ወጥተዋል፤ ሆኖም ከጎረቤት አልለይም ብለው 800 ብራቸውን ከፍለዋል። «እኔ የከፈልሁት ለማን ሆነና? የእኔን ድርሻ ስጧት» ሲሉ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጠረጴዛው ላይም፣ ባለቤቶቻቸው ለበዓሉ ወደ አገር ቤት የሄዱ ሦስት ካርቶኖች ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ግን ልጅቷ ሄዳለች። ሐጂ ካርቶኑን ይዘው እስከ ቆርቆሮዋ ክፍል ድረስ ሄዱ፤ አባቷ በአክብሮት ተነሥቶ፣ «ያለ ወረፋዋ ገብታ ነው ሐጂ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን» ብሎ መለሳቸው።

ይቅርታ የጠየቀን እሱ ነው፣ ወገኖቼ።

ገና ንግድ ሆነ ስንባባል ዓመታት አለፉ፤ ባዛሩን፣ በየሆቴሉ አዳራሽ የሚበራውን ዛፍ፣ በየቴሌቪዥኑ የበዓል ዝግጅት መካከል የሚደረደረውን ማስታወቂያ እያነሣን እናማርራለን። እኔ መሸጥ መለወጡን አልጠላም፤ በዋዜማው ሾላ ገበያ ቄጠማና ዶሮ ይዛ ለምትቆም እናት ቀኑ የልጆቿ እንጀራ ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በዓል በደረሰኝ ሲሆን የከፈለና ያልከፈለ የሚለይበት ዝርዝር የግድ ይመጣል፤ ዝርዝሩን የሚጽፍም እንደ እኔ ያለ ጨዋ ሰው አይጠፋም።

የተዋስነውን ቀይ ልብስ እንኳ ባለቤቱን ጠይቀን አልተዋስነውም። የገና አባት የሚባለው ሰው ታሪክ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚደርሰው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ የሜራ ከተማ ጳጳስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ዘንድ ነው። ስለ እሱ ከሚተረከው ሁሉ የታወቀው፣ ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር ላቃተው አንድ ድኻ አባት በሌሊት፣ ማንም ሳያየው፣ ወርቅ በከረጢት አድርጎ ቤቱ ውስጥ የጣለበት ታሪክ ነው። እኛ በቀን፣ በማይክሮፎን፣ ከድኻ አባት ልጅ እጅ ላይ ነጠቅን።

የራሳችንስ? ከመከር በኋላ በባዶው ማሳ ላይ የገና ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ የነበሩ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሎሌ በዚያች ቀን የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ጌታው እያነከሰ ከመሳቅ በቀር ምንም ሊለው አይችልም ነበር። ያ ዘመን የፍትሕ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም፤ በማግስቱ ጌታው ጌታ፣ ሎሌውም ሎሌ ነው። ቢሆንም በከብቶች ግርግም የተወለደውን አምላክ ልደት ሲያከብሩ ለአንዲት ቀን እንኳ ማዕረግን መርሳት እንደሚገባ ገብቷቸው ነበር። እኛ ግን ማዕረጋችን ተረስቶብን የሰነበተ ይመስል፣ ልጆቻችንን በመዋጯችን ልክ ያሰለፍነው በዚያችው ቀን ምክንያት ነው።

እኔም ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ልጄ ካርቶኗን ስትፈታ አጠገቧ ተቀምጬ አጨበጨብሁ። ከውስጡ የወጣው በሁለተኛው ቀን የተሰበረ የፕላስቲክ መኪና ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በበሩ ስወጣና ስገባ ከአባትየው ጋር እንደ ወትሮው ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለዚያ ቀን አላነሣሁም፤ እሱም አላነሣም። በሚያዝያ ሌላ ሥራ አግኝቶ ልጁን ይዞ ሄደ። ይቅርታ እንዳልጠየቅሁት የገባኝ ክፍሏ በተቆለፈች ማግሥት ነው።

ዘንድሮም ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ኮሚቴው ስም እንድመዘግብ ጠየቀኝ። አልመዘግብም አልሁ። በምትኩ፣ የቻለ የቻለውን አዋጥቶ፣ የጥበቃዎቹንና የጽዳት ሠራተኞቹን ልጆች ጨምሮ፣ ግቢውን የረገጠ ልጅ ሁሉ ስሙ ሳይጠራ እኩል እንዲቀበል፤ ገንዘቡ ካልበቃም መጫወቻውን ትተን ድፎ ዳቦ ቆርሰን እንድናበላቸው ጻፍሁላቸው። የሚበዙት አልመለሱልኝም። አንድ ጎረቤቴ፣ «እንዲህ ከሆነ የእኔ ልጅ ድርሻ ያንሳል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ፤ አዎን፣ ያንሳል አልሁት። ሐጂ የመጀመሪያው ሆነው ከፈሉ። እስከ ትናንት ማታ አሥራ አንድ ቤት እሺ ብሏል፤ ሌሎቻችሁን እየጠበቅሁ ነው።