ሪህ ነው ተብዬ ነበር
የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ሪህ አይደለም የሚባለው እውነት ነው፤ የእኔ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ) ነበር። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ሪህ ነው፣ ብርድ ነው፣ ታይፎይድ ነው እያሉ አመላልሰውኛል። ሥጋ ተውኩ፣ መርፌ ተወጋሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ጣቶቼ ደርቀው ጀበና ማንሳት ያቅተኝ ነበር። (ጠበልም ሄጃለሁ፤ እናቴ መች ትለቀኛለች!) ፀሐይ ሲነካኝ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ የሚወጣውን ሽፍታ ማድያት መስሎኝ ለሐኪም ነግሬ አላውቅም። ለካ ፍንጩ እሱ ኖሯል! አንድ ሐኪም አይተውት ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ አዘዙልኝ፤ ኩላሊቴን ለማየት ደግሞ ሽንት። ሉፐስ ሆኖ ተገኘ። ኤኤንኤ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ሉፐስ ነው ለማለት አይበቃም። ሽፍታ ሲወጣባችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ሊጠፋ ይችላል።