ጊር ሰከንድ ድንገት የመጣ ኃይል አይደለም

ስለ ጃፓኑ የሥዕል ታሪክ (ማንጋ) ዋን ፒስ ሲወራ፣ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ሉፊ ጊር ሰከንድን፣ ደሙን አፍጥኖ የሚጠነክርበትን ስልት፣ ያገኘው ጠላቱን ብሉኖን ሲገጥም ድንገት ነው» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ወዳጆቼ፣ እንደዚያ አይደለም። በዋን ፒስ 34ኛ ቅጽ የባሕር ኃይሉ አድሚራል አኦኪጂ ሉፊን በረዶ አድርጎት ይሄዳል። በ40ኛው ቅጽ ሉፊ ራሱ ለብሉኖ ነገሩን ያስረዳዋል፦ እንደዚያ ያለ ኃይለኛ ደግሞ ቢመጣ ጓደኞቹን ማዳን እንደማይችል ስለገባው አስቦበት ነው። ደሙን በፍጥነት ማዘዋወሩንም የሚችለው ሰውነቱ ጎማ ስለሆነ ነው። በጣም የምወደው ለውጡ ይሄ ነው፤ ሽንፈት ያስተማረው ልጅ! ሁለቱን ቅጾች አውጥታችሁ አስተያዩ።

ስህተቱ ጉዳት አለው። ለአዲስ አንባቢ «የዴቪ ባክን ውድድር (የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ የሚካሄድበትን ክፍል) ዝለለው» ይባላል። አኦኪጂ የሚመጣው ግን ውድድሩ እንዳለቀ፣ እዚያው ደሴት ላይ ነው። ክፍሉን በሙሉ የዘለለ ሰው ምክንያቱን ሳያይ ውጊያው ላይ ይደርሳል።