ታግለው አቻ የወጡ ልጆችን አንቆጣ

በቅርቡ በተመለከትኩት አንድ የታዳጊዎች የቼዝ ውድድር፣ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ከረጅም ትግል በኋላ አቻ ወጥታ ከአዳራሹ ስትወጣ፣ በር ላይ ሲጠብቋት የነበሩት አባቷ «ምን ሆነሽ ነው አቻ የምትወጪው?» ብለው በሰው ፊት ተቆጧት። አባትየው ጨዋታውን አላዩትም፤ እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ሰሌዳው ላይ የቀራት ንጉሧ ብቻ ነበር። ተጋጣሚዋ ከንጉሡ ሌላ አንድ ወታደር ነበረው፤ ያ ወታደር መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሰ ንግሥት ይሆንና ጨዋታው ያበቃል። ልጅቷ ከወታደሩ ፊት ሳትርቅ፣ የልጁ ንጉሥ በቀረበ ቁጥር አንድ ባዶ ቤት በመሃል ትታ ፊት ለፊት እየገጠመችው አፈገፈገች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ተሳሳተው ጎን አልሄደችም። በመጨረሻ ልጁ ወታደሩን ላለማጣት ንጉሡን ሲያስጠጋ፣ የእርሷ ንጉሥ ቼክ ሳይባል፣ ማለትም ጥቃት ላይ ሳይወድቅ፣ መሄጃ ቤት አጣ፤ ይህም በቼዝ ሕግ አቻ ነው። ይህን ያደረገችው በዕድል ሳይሆን ተምራ ባወቀችው ነው።

ከአቻው የተገኘችውም ግማሽ ነጥብ ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2002 በግሪክ ሄራክሊዮን በተካሄደው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና፣ ከ12 ዓመት በታች ምድብ ሩሲያዊው ኢያን ኔፖምኒያሽቺና ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን እኩል ነጥብ ይዘው ጨርሰው፣ ኔፖምኒያሽቺ አሸናፊ የተባለው በመለያ ስሌት ነበር። ካርልሰን ግማሽ ነጥብ ብቻ ቢጨምር ኖሮ ሻምፒዮናው የእርሱ ነበር። ሁለቱ በ2021 ዱባይ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገናኙም የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች አቻ ነው የወጡት።

የማልደግፈው አቻ ሌላ ነው፤ አሥር እርምጃ ሳይሞላ ተጨባብጠው የሚነሱ ልጆች ያሳዝኑኛል፤ በተለይ ምክሩ ከአሠልጣኝ የመጣ ሲሆን። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ፣ የውድድር አዘጋጆች በስምምነት አቻ መውጣትን ከተወሰነ እርምጃ በፊት እንዲከለክሉ ስለሚፈቅድ፣ በታዳጊዎች ውድድር ከ30ኛው እርምጃ በፊት ክልክል ነው ብለው በደንባቸው ቢጽፉት መልካም ነው።

አባትየውን ግን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ ልጃቸው እርምጃዎቹን የመዘገበችበትን ወረቀት ይዘው፣ ማታ ሰሌዳ ዘርግተው፣ ያንን መጨረሻ እርሷ ራሷ እንድታሳያቸው ይጠይቋት።