እውነት እስኪጠራ ማን ይጎዳል?

አንድ ማታ በዘመዶቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ፎርዋርድ አደረግኩ። አንድ የደም ግፊት መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል ይላል። አላጣራሁም። የላከልኝን ሰው ስለማምነው ብቻ አመንኩት። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወሉ። "አንተ ያን ነገር ከላክህልን ወዲህ መድኃኒቱን አልነካሁትም" አሉኝ። ክው አልኩ። ሐኪማቸውን ዛሬውኑ እንዲያናግሩ ለመንኳቸው። ከዚያ መልእክቱን አጠፋሁት፤ ለማንም ግን ምንም አላልኩም።

ዝምታዬ ራሱ ውሸት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እንላለን። እውነት ነው፣ ይጠራል። ግን እስኪጠራ ድረስ የሚጎዳ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ12 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አወጣ። ኩፍኝን ጨምሮ ሦስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ነበር። መጽሔቱ ጥናቱን ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። 12 ዓመት! በዚያ መሀል ብዙ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ቀሩ። ወሬውን ዛሬም የሚያምን አለ። መሰረዙን ግን ስንቱ ሰምቷል?

ለዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂውን መውቀስ ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሮ ነበር። ሐሰተኛው ወሬ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። እኔን ያመመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ትዊተር ላይ በራሳቸው የሚለጥፉት ፕሮግራሞች፣ ሮቦቶቹ፣ ሐሰቱንም እውነቱንም እኩል ነው ያሰራጩት። ለሐሰቱ ያደላነው እኛ ሰዎች ነን።

ስለዚህ እውነተኛ ሰው ማለት ለእኔ ፈጽሞ የማይሳሳት ሰው አይደለም። የተሳሳተ ነገር ወደነገራቸው ሰዎች ተመልሶ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድምፅ "ልክ አልነበረም" የሚል ነው። ከባድ ነው፤ ያሳፍራል። እኔም ከስንት ማመንታት በኋላ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መልእክት በላክሁ ጊዜ ዘጠኝ ሰው አመስግኖኝ ነበር። ለማስተባበያዬ "እሺ" ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለቀሩት አንድ በአንድ ደወልኩ። ሁለቱ "እኛም ለሌላ ሰው ልከነዋል" አሉኝ። እነሱም እንዲደውሉ ለመንኳቸው።