ነክቶታል

እኔ ባደግሁበት ቤት አንድ ምግብ ቤት ብቻ ነበር፤ የእናቴ ማድ ቤት። ሜኑው አንድ ቃል ነው፤ «ያለውን»። «ምን አለ?» ብለህ ስትጠይቅ «ያለውን ትበላለህ» ትባላለህ፤ አለቀ። ካልበላህ የሚለማመጥህ የለም። «ተዉት፣ ሲርበው ይበላል» ይባልና ትሪው ይነሳል።

ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ልጆቼ ገበታ ላይ ባስቸገሩኝ ቁጥር የማነበንባት ንግግር ስለሆነች ነው። በቃላቸው ይዘዋታል። «ያለውን» የምትለዋ ላይ ስደርስ ትልቁ ከንፈሩን እያነቃነቀ አብሮኝ ይላታል። አማርኛ አይገባውም ብለን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስተምረው ልጅ ነው እንግዲህ።

ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ ከቨርጂኒያ ተነስተን ኦርላንዶ ወረድን። አይ 95 የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዞ ከ800 ማይል በላይ ነው። መኪናው ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ 10 ዓመት የሞላው ወንዱ፣ የ6 ዓመቷ ሴቷ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ አለን። ኦገስት ማለት ነሐሴ ነው። ነሐሴ ማለት ደግሞ ፍልሰታ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ ዲዝኒ ወርልድ የሚኬደው፣ ጾሙም የሚገባው ባንድ ላይ ነው። ባለቤቴ ትኬቱን ስትገዛ ይህን አላሰበችውም። እኔም አላሰብኩትም። እናቴ ግን አስባለች። «ለኔ አትጨነቁ፣ ይዣለሁ» አለች ቦርሳዋን መታ መታ አድርጋ።

የምሳው ነገር የተጀመረው ግን ገና ሳንነሳ ነው። እዚያ ቁጭ ተብሎ የሚበላባቸው ቤቶች ቦታ የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። አስቡት፤ ሁዳዴ እንኳን 55 ቀን ነው። ለአንድ ምሳ ከሁዳዴ 5 ቀን የሚበልጥ ጥበቃ! ባለቤቴ አላርም ሞልታ በማለዳ ተነሳች። ስልኳን እንደያዘች ቀሰቀሰችኝና «የዛሬ 60 ቀን ምን መብላት ትፈልጋለህ?» አለችኝ። እኔ የዛሬውን ቁርሴን አላውቅም። «ያለውን» ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። እሷም የተገኘውን ሰዓት ያዘች። በፈረንጅ 3 ሰዓት፣ በኛ 9።

የመረጥነው ኤፕኮትን ነው። በፈረንጅ 1982 የተከፈተ የዲዝኒ ወርልድ መናፈሻ ነው። ከወደ ጀርባው አንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ ዙሪያ 11 አገሮች ተደርድረዋል። ከሜክሲኮ ጀምሮ ካናዳ ድረስ፤ ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እየዞርክ የየአገሩን ምግብ ትበላለህ። የኔ ስሌት ቀላል ነበር። በአንድ አገር ያልተስማማው በ11 አገር መቼም አንዱ ይስማማዋል። ስሌቱ ለስደተኛ ይሠራል። ለልጅ ግን አይሠራም።

መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ጠርሙስ ነው የማይፈቀደው። ከእናቴ ቦርሳ በሶ በፌስታል፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል፣ ድርቆሽ በፌስታል፣ በመጨረሻም ሚጥሚጣ በትንሽ ጠርሙስ ወጣ። ፈታሹ ጠርሙሷን በሁለት ጣቱ አንስቶ «የሕፃን ምግብ ካልሆነ በቀር ጠርሙስ አይገባም» አለ በትህትና። ትልቁ ልጄ ለአያቱ ተረጎመላት። እናቴ ጠርሙሷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«የሕፃን ነው በለው። ይሄንን ያሳደግሁት በሷ ነው» አለች በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች።

44 ዓመቴ ነው። ሚጥሚጣዋ ወደ ፌስታል ተገልብጣ ገባች። ፈታሹ በሶውን ትንሽ አተኩሮ ሲያየው እናቴ ዳቦ ቆሎ ዘግና ዘረጋችለት። አመስግኖ እጁን ሰበሰበ። «እምቢ ማለቱ ነው» አልኳት። «ያሳዝናል፣ ቁርስ ሳይበላ ነው እንዲህ የሚቆመው» አለች።

እንዳትደክም ብለን ዊልቸር ተከራየንላት። ቦርሳዋን አስቀመጠችበት። ቦርሳው ቀኑን ሙሉ እየተገፋ 11 አገር ዞረ፤ እሷ ከጎኑ በእግሯ ሄደች።

አሁን ስለ ልጆቼ ሕግ ልንገራችሁ። ትንሿ ምግብ ከምግብ ጋር እንዲነካካ አትፈቅድም። ሩዙ ዶሮውን ከነካው ሩዙም ሞተ፣ ዶሮውም ሞተ። መለየት አይጠቅምም፤ አንዴ ነክቶታል። ትልቁ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አይበላም፣ ስጎ ያለበት አይበላም፣ ውስጡ የማይታይ ነገር አይበላም። ዶሮ ነው ተብሎ የሚሸጠውን ጥብስ ቁራሽ፣ ናጌትን፣ ይበላል። «የናጌት ውስጡስ መች ይታያል?» ስለው «ውስጡን አውቀዋለሁ» ይለኛል። እኔ እስካሁን አላውቀውም። በነገራችን ላይ እዚያ ልጅ ማለት ከ3 እስከ 9 ዓመት ነው። 10 የሞላው አዋቂ ነው። ስለዚህ ይህ ልጄ በአዋቂ ትኬት ገብቶ፣ ናጌት ፍለጋ 11 አገር የሚዞር ጎልማሳ ነው።

ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ተነሳን። ታኮ የሚሉትን የታጠፈ ቂጣ ገዛሁ። «ውስጡ ምንድን ነው?» ተባለ፤ ተከፈተ፤ ታየ፤ ተዘጋ። እኔ በላሁት። ኖርዌይ ላይ ክሬምና ኮኮናት ያለበት ጣፋጭ ዳቦ አለ፤ ስሙ ስኩል ብሬድ ይባላል። ትልቁ ስሙን ሲሰማ «እረፍት ላይ ነኝ፣ ትምህርት ቤት የሚል ነገር አልበላም» አለ። እሱንም እኔ በላሁት። ቻይና ላይ ሩዝ ተገዛ። ሩዙ ውስጥ አተር ነበረበት። ትንሿ ልጄ አጎንብሳ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ አተሩን አንድ በአንድ እየለቀመች ሶፍት ላይ ደረደረችው። ሰልፉ ቀጥ ያለ ነበር። አንዱ አተር ሲፈነዳባት ሹካዋን አስቀመጠች። ሩዙን ማን እንደበላው ገብቷችኋል።

እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ምንም አትልም። በፍልሰታ ታኮ ስበላም አይታ እንዳላየች ሆነች። ልጆቹ የተዉትን መጣል ነውር ነው ብዬ እንጂ ጾሙን ንቄ አይደለም።

ከቻይና አልፈን ጀርመን ሳንደርስ ቆም አለችና «የኛስ የታል?» አለች። እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ በምድር ወገብ አካባቢ ላለችው አፍሪካ ራሱን የቻለ ግቢ ታስቦላት ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። በቦታው ያለችው የመጠጥና የመክሰስ መሸጫ ናት።

«አፍሪካ በሙሉ ይቺ ናት?»

«ሞሮኮ ወደፊት አለች።»

«ደግ። ጥላ አላት» ብላ ተቀመጠች።

ጣሊያን ላይ ተስፋ አገኘሁ። ፒዛው የሚጋገረው በእንጨት በሚነዱ 3 ምድጃዎች ነው። ስማቸው የጣሊያን እሳተ ገሞራዎች ስም ነው፤ ኤትና፣ ቬሱቪየስ፣ ስትሮምቦሊ። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ዓይናቸው በራ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ፒዛ! ፒዛው መጣ። መሃሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ጉብ ብላለች።

«ቅጠል አለበት» አለ ትልቁ።

«በሶብላ እኮ ነው!» አልኩ። በሶብላ ለሱ ምኑ ነው? አንስቼ ጣልኩት።

«ነክቶታል» አለች ትንሿ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ያችን ንግግሬን ጀመርኩ። ዛሬ ደግሞ ምስክሬ አጠገቤ ስላለች ረዘም አደረግኳት። እኛ በናንተ ዕድሜ ፍልሰታን ጾመናል አልኩ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው አልኩ። ምራቃችንን እየዋጥን ቅዳሴ እስኪያልቅ ቆመን፣ ቆርበን፣ ከዚያ ነው እህል የምንቀምሰው። ምረጥ የሚለን አልነበረም፣ ያለውን... ትልቁ አብሮኝ አላት። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። አየኋት። ወደ ሐይቁ ዞራ ነጠላዋን አስተካከለች።

አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሞሮኮ፣ ፈረንሳይ እያልን አለፍን። ፈረንሳይ ላይ ትልቁ የክሩዋሳን ጫፍ ቀመሰ። በቤታችን ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለቤቴ ፎቶ አነሳችው። እንግሊዝ ስንደርስ የተጠበሰ ዓሣና ድንች አለ። ትንሿ ድንቹን አየች። አረንጓዴ አይደለም፣ ስጎ የለበትም፣ ውስጡም ድንች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ባንድ ምግብ ተስማሙ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለእናቴም ዘረጋሁላት፤ «ድንች ነው፣ የጾም ነው፣ 9 ሰዓት ሲሞላ ትበይዋለሽ።»

አሸተተችው። «ዓሣ የጠበሱበት ዘይት ቢሆንስ?»

«ቢሆን ምናለበት? ዓሣ ይበላ የለ?»

«የሚበላ ይብላ። እኔ በፍልሰታ አልበላም። ዘይቱ ከነካው ነክቶታል ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ትንሿ ልጄ አፏ ድረስ ያደረሰችውን ድንች አቆመችው። አያቷን አየች፣ ድንቹን አየች። ቀስ አድርጋ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ያንን ድንች እኔ ነኝ የበላሁት።

ወዲያው ዝናቡ መጣ። የፍሎሪዳ ኦገስት ከሰዓት በኋላ ሰማዩን ያጠቁርና ያወርደዋል፤ ልክ እንደ አዲስ አበባ። ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ሲሮጥ እናቴ እጇን አውጥታ ጠብታውን ተቀበለች። «አሁን ገና ፍልሰታ መሰለ» አለች።

9 ሰዓት ላይ፣ ረጥበን፣ ቦታ ወደያዝንበት ቤት ገባን። የየትኛው አገር እንደሆነ አልናገርም፤ ሼፉ ጥሩ ሰው ስለሆነ ስሙ በኛ ጣጣ እንዲነሳ አልፈልግም። እናቴ ሰዓቱን አይታ ምራቷን መረቀቻት። «የኔን ሰዓት አስባ እኮ ነው የያዘችው!» ባለቤቴ የተገኘውን ሰዓት ነው የያዘችው፤ ምርቃቱን ግን ዝም ብላ ተቀበለች። እኔ በበኩሌ እስከዚህች ሰዓት የአምስት አገር ምሳ በልቻለሁ። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ተለቋል።

አስተናጋጇ ውኃ ቀድታ «አለርጂ ያለበት አለ?» አለች። እዚያ ይህን ጥያቄ አጥብቀው ይይዙታል። እኔም ለእናቴ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማይሆን ነገርኳት። «አለርጂ ነው?» አለች። አዎ አልኩ። ጾምን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከጀመርክ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ትንሽ ቆይቶ ሼፉ ራሱ መጣ። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ ከእናቴ ወንበር አጠገብ በርከክ አለ። እናቴ ደንግጣ ልትነሳ ስትል ያዝኳት። ትልቁ ልጄ ሳይጠየቅ አስተርጓሚ ሆነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጀመራት?» አለ ሼፉ።

ልጄ ጠየቀ፤ እናቴ መለሰች፤ ልጄ ተረጎመ። «ከኦገስት 7።»

ሼፉ ጻፈ። «በቅርብ ነው ማለት ነው። ሐኪም አይቷታል?»

«ቄስ» አለ ልጄ።

ሼፉ እስክሪብቶውን አቆመ። «እስከ መቼ ይቆያል አሏት?»

«እስከ ኦገስት 22። በ22 ዶሮ ትበላለች።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁና አስረዳሁ። ሰውየው ሳቀ፤ የገዛ አያቱም በዐቢይ ጾም እንደዚሁ ነበሩ አለ። ምስርና አትክልት በዘይት ሊሠራላት ተስማማ። እናቴ ግን አልጨረሰችም። «መጥበሻው ሥጋ ነክቶታል ወይ በለው» አለች። ልጄ ተረጎመ። ሼፉም ሳይስቅ፣ በቁም ነገር፣ ሌላ ንጹሕ መጥበሻ እንደሚጠቀም ቃል ገባ፤ ጻፈውም።

ትንሿ ልጄ አፏን ከፍታ ታያለች። እስከዛሬ «ነክቶታል» ስትል እንቆጣታለን። አሁን አንድ ትልቅ ሰው በርከክ ብሎ ይህንኑ ቃል በወረቀት ይጽፋል። እጇን እንደ ክፍል ልጅ አወጣች። «የኔም ሩዝ ምንም ነገር እንዳይነካው» አለች። ሼፉ ጻፈ። «ለኔ አረንጓዴ የለም፣ ስጎ የለም» አለ ትልቁ። ሼፉ ጻፈ። ባለቤቴ ፊቷን በሜኑው ሸፈነች።

ሼፉ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ ጌታዬ?»

ደረቴን ነፋሁ። ልጆቼን አየኋቸው። «እኔ ያለውን» አልኩ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ። ነገሯት። ሳቋ መጣ።

«ይሄ? ይሄማ እስከ 12 ዓመቱ ከወጡ ውስጥ ሽንኩርት እየለቀመ የትሪው ጠርዝ ላይ ሲደረድር የኖረ ነው። ለሱ ብዬ ሽንኩርቱን እየፈጨሁ ነው የምሠራ የነበረው፤ እስከዛሬ አያውቅም። ቅዳሴ ሳይወጣም ዳቦ ቆሎ በኪሱ ይዞ ይገባ ነበር።»

አማርኛ የማይገባው ልጄ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ከወንበሩ ተነስቶ ሼፉን ክንዱን ነካ አደረገው። «አባቴ ሽንኩርት» አለው።

ሼፉ ኪሱ የከተታትን እስክሪብቶ እንደገና አወጣት።