ከ3 ኢንች ያነሰ ቢላ ሁሉ ይፈቀዳል የሚለው ልክ አይደለም

ሰላም ቤተሰብ፣ ለንደን ያላችሁ "ስለቱ ከ3 ኢንች ካነሰ ማንኛውንም ቢላ ኪስህ ከተህ መዞር ትችላለህ" እየተባባላችሁ ነው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት መያዝ የሚቻለው ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው፣ እሱም ከ3 ኢንች (7.62 ሴ.ሜ) ሳይበልጥና ሲከፈት ሎክ የማያደርግ (ቁልፍ ሳትጫን የሚታጠፍ) ከሆነ። ሎክ ካደረገ 2 ኢንችም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ (Criminal Justice Act) በቂ ምክንያት ትጠየቃለህ፣ የማይታጠፍ ትንሽዬ የሽንኩርት ቢላም እንደዛው። ለስራ ከሆነ ያስኬዳል፣ ሼፍ ቢላውን ይዞ ስራ ሲገባ ምናምን፣ "ራሴን ልከላከል ብዬ ነው" ግን ምክንያት አይሆንም፣ እንዲያውም ያብስብሃል። ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስር ነው እኮ! ጎቭ ዶት ዩኬ (የመንግሥት ድረ ገጽ፣ gov.uk) ላይ ስለ ቢላ አያያዝ የሚለውን አንብቡ፣ ሰንጢያችሁንም እቤት ከፍታችሁ እዩት፣ ቁልፍ ካልተጫናችሁ አልታጠፍም ካለ እዛው ይቀመጥ።