ያልተለመደ ጳጳስ ሲወጣ ለቅጣት አትቸኩሉ

በቼዝ ተጋጣሚ ጳጳሱን ባልተጠበቀ ካሬ ላይ ሲያስቀምጥ ብዙ ተጫዋች «ይህ ስህተት ነው፣ አሁኑኑ መቀጣት አለበት» ይላል። ወዲያው የዳር ወታደሮች ይገፋሉ፣ ንግሥት ያለ ጊዜዋ ትወጣለች፤ ጥቂት እርምጃ እንደተሄደ ተጋልጦ የሚገኘው የቀጪው ንጉሥ ነው። በእኔ እምነት ከቅጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ጳጳሱ ሲነሣ ምን ሳይጠበቅ ቀረ? የትኛውን ወታደር አገደ? ቀጥሎስ ወዴት ሊሄድ ነው?

ከሲሲሊያን መክፈቻ እንጀምር፤ ነጭ ኢ4 ሲል ጥቁር በሲ5 የሚመልስበት ነው (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ሲ5 ካሉ በኋላ ነጭ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ያወጣል፤ ዓይኑ ኤፍ7 ላይ ነው። ጥቁር በኢ6 ሰያፉን ይዘጋና ዲ5ን ያዘጋጃል። ዲ5 በሰዓቱ ከተገፋ ጳጳሱ ዳግም መነሣት ግድ ይሆንበታል፤ ጥቁር አንድ እርምጃ ያተርፋል። ነገሩ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው። ነጭ በሦስተኛው እርምጃ ፈረሱን ሲ3 ላይ ካወጣ ዲ5ን የሚመቱት ሦስት ይሆናሉ፦ የኢ4 ወታደር፣ ጳጳሱና ፈረሱ። የሚጠብቁት ግን የኢ6 ወታደርና ንግሥቲቱ ብቻ ናቸው። ያኔ የሚገፋ ሰው አንድ ወታደር ይከስራል። መጀመሪያ የጥቁር ፈረስ ኤፍ6 ላይ ይውጣ፤ ሦስት ለሦስት ይሆናል። ነጭ ፈረሱን ለማባረር ኢ5 ቢል መልሱ መሸሽ ሳይሆን ዲ5 ነው፦ ነጭ ፈረሱን ሲበላ ጥቁር ጳጳሱን ይበላል፤ ነጭ ጂ7ን ሲበላ የጥቁር ጳጳስ መልሶ በልቶ ረጅሙ ሰያፍ ላይ ይቀመጣል። ይህን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ መቁጠር ይበቃል።

የራሱን ወታደር የሚያግድ ጳጳስም አለ። ኢ4፣ ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፤ ቀጥሎ ነጭ ጳጳሱን ዲ3 ላይ ያደርጋል። የዲ2 ወታደር ታገደ፣ የሲ1 ጳጳስም አብሮ ታፈነ። የነጭ ሐሳብ ሲ3 ብሎ ጳጳሱን ወደ ሲ2 መሳብ፣ ከዚያ ዲ4 መግፋት ነው። ስለዚህ ጥቁር መሀሉን መቅደም አለበት፦ ፈረስ ኤፍ6፣ ነጭ ሲ3 ሲል ዲ5። ነጭ ቢበላ ጥቁር በንግሥቲቱ ይመልሳል። የሲ2 ወታደር ስለተነሣ ዲ3 ላይ ያለው ጳጳስ ጠባቂ አጥቷል፤ ወይ እንደገና ይሄዳል፣ ወይ የነጭ ንግሥት ኢ2 ላይ ወጥታ ትጠብቀዋለች።

ያው እርምጃ በሲሲሊያን ግን ሌላ ነው። ጥቁር ሲ5ና ዲ6 ካለ በኋላ የሚመጣው ጳጳስ ዲ3 በአሜሪካዊው የቼዝ ተጫዋች ዳኒ ኮፔክ ስም የሚታወቅ ጤነኛ አሰላለፍ ነው። ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ለማድረስ ሁለተኛ እርምጃ ስለሚያስፈልገው ነጭ ሲ3ንና ጳጳስ ሲ2ን የሚጨርስበት ጊዜ ያገኛል።

በትሮምፖቭስኪ መክፈቻ ደግሞ ጥያቄው ጳጳሱ ትቶት ስለሄደው ነው። ዲ4፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ጳጳስ ጂ5። ጥቁር ፈረሱን ኢ4 ላይ ሲያደርግ ጳጳሱ ወደ ኤፍ4 ይሸሻል። ጥቁር ሲ5 ይላል፤ ነጭ በኤፍ3 ፈረሱን ያባርራል። የጥቁር ንግሥት ኤ5 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች፣ ነጭ በሲ3 ይጋርዳል፣ ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ይመለሳል። ነጭ ዲ5 ሲገፋ ንግሥቲቱ ወደ ቢ6 ትዞራለች፤ ጠባቂ ያጣው ቢ2 ተመታ። ከነጭ የታወቁ መልሶች አንዱ በሰባተኛው እርምጃ ጳጳሱን ወደተነሣበት ሲ1 መመለስ ነው! ያም ሆኖ ነጭ አልተሸነፈም። መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ይዟል፣ ጥቁርም በአንድ ፈረስና በንግሥቲቱ ብቻ አምስት እርምጃ ጨርሷል።

በ1970 ቤልግሬድ ላይ፣ ሶቪየት ኅብረት ከተቀረው ዓለም ጋር በገጠመችበት ውድድር፣ ዴንማርካዊው ላርሰን በቢ3 ጀምሮ ጳጳሱን ቢ2 ላይ አወጣ፤ የሶቪየቱ ስፓስኪ በ17 እርምጃ አሸነፈው። ብዙዎች ጥፋቱን በጳጳሱ ላይ ይጭናሉ። እርምጃዎቹን ስንከተል ግን ስፓስኪ ጳጳሱን አላሳደደም፤ ኢ5 ብሎ ሁለቱን ፈረሶች አወጣ። ላርሰን ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ሲያስቀምጥ ኢ4 መጣ፤ ፈረሱ ወደ ዲ4 ሸሸ፣ ከዚያም ሲ6 ላይ ተለዋወጠ። አንድ ፈረስ ሦስት እርምጃ በላ፣ ሄዶም ጠፋ፤ የነጭ ንጉሥም እስከ መጨረሻው ካስሊንግ (ንጉሡን ከግንቡ ጋር በአንድ እርምጃ አንቀሳቅሶ ወደ ዳር ማስጠለል) ሳያደርግ መሀል ቀረ። የቢ2 ጳጳስ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መክፈቻውም ዛሬ ድረስ በላርሰን ስም ይጠራል።